የአጥንት መሳሳት መድኃኒት ኢንዛይሙን እንዴት እንደሚቆልፍ በሸክላና በስቴኪኒ ሠርቶ ለማሳየት የተዘጋጀ የአሠራር መመሪያ

ይህን መመሪያ የጻፍኩት ለፋርማሲና ለነርሲንግ ተማሪዎች፣ እንዲሁም ለባዮሎጂና ለኬሚስትሪ መምህራን ነው። ደሴ ላይ ሳስተምር በየዓመቱ የሚገጥመኝ አንድ ነገር አለ። ስለ አጥንት መሳሳት መድኃኒቱ ስለ ዞሌድሮኔት፣ «ዞሌድሮኔት ፋርኔሲል ፓይሮፎስፌት ሲንቴዝ የተባለውን ኢንዛይም ይገታል» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ተማሪው ሁሉ በቃሉ ይዞታል፤ «እንዴት ይገታዋል?» ብዬ ስጠይቅ ግን ክፍሉ ጸጥ ይላል። ጉዳዩ ከፈተና ነጥብ ያለፈ መሆኑን የተረዳሁት አንድ ቀን ተማሪዎቼን ለልምምድ ወደ አንድ መድኃኒት ቤት ይዤ በሄድኩበት ጊዜ ነው። የዞሌድሮኔት ዘመድ የሆነውንና በሳምንት አንድ ጊዜ የሚዋጠውን አለንድሮኔት ሊወስዱ የመጡ አንዲት እናት «ልጄ፣ በአምቦ ብውጠውስ?» ብለው ጠየቁ። ተማሪዬ «አይቻልም እማማ» አለቻቸው። «ምነው፣ አምቦ ውኃ አይደለም እንዴ?» ሲሏት መልስ አጣች። መልሱ ያለው ከዚያው በቃሏ ከያዘችው ዓረፍተ ነገር ውስጥ ነበር፤ ዓረፍተ ነገሩን ግን ከፍታ አይታው አታውቅም።

ከዚህ በታች ያለውን ሥራ በሁለት ከሰዓት በኋላ ጨርሳችሁ ስታዩት ሦስት ቦታ የሚደጋገም አንድ ነገር ታገኛላችሁ። መድኃኒቱ ብረታማ አቶሞችን የሚጨብጥ እጅ አለው። በአጥንት ላይ ካልሲየምን፣ በኢንዛይሙ ውስጥ ማግኒዥየምን፣ ባልተገባ መጠጥ ከተዋጠ ደግሞ በሆድ ዕቃ ውስጥ ሁለቱንም የሚይዘው በዚያው እጅ ነው።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

ሸክላ ከሚሠሩ ሰዎች የተገኘ አንድ ኪሎ ያህል የታሸ ጭቃ፣ አንድ ፓኬት ስቴኪኒ፣ የጫማ ካርቶን፣ ጥቂት ክር፣ ማስመሪያ፣ መቀስና የውኃ ቀለም ይበቃል። ጭቃ ካልተገኘ ጨው የበዛበት ጠንካራ ሊጥ ይተካዋል። ቀለሙ የዓለም ኬሚስቶች የተለማመዱትን ሥርዓት ቢከተል ተማሪው በኋላ በኮምፒውተር ላይ የሚያየውን ሥዕል በቀላሉ ይለየዋል፦ ካርቦን ጥቁር፣ ኦክስጅን ቀይ፣ ናይትሮጅን ሰማያዊ፣ ፎስፈረስ ብርቱካንማ፣ ማግኒዥየም አረንጓዴ። ለካርቦን የተፈጨ ከሰል ከጭቃው ጋር ማሸት በጣም ያምራል፤ ከሰልም ራሱ ካርቦን ስለሆነ ተማሪው አይረሳውም። ለፎስፈረስ እርድ ከትንሽ ቀይ ቀለም ጋር ይሆናል። ለኦክስጅን ግን በርበሬ አትጠቀሙ፤ አንድ ጊዜ ሞክረነው ተማሪ ዓይኑን በእጁ አሽቶ ትምህርቱ በዚያው ተቋርጧል።

መለኪያችን 1 አንግስትሮምን (የአቶሞች ርቀት የሚለካበትን፣ የሴንቲ ሜትር መቶ ሚሊዮነኛ የሆነውን) በ2 ሴንቲ ሜትር የሚወክል ነው፤ ይህም ማለት ነገሩን 200 ሚሊዮን ጊዜ አጉልተነዋል ማለት ነው። የዚህን ትርጉም ለተማሪዎች በአገራቸው መልክ ንገሯቸው። በዚህ መለኪያ መድኃኒቱ በመዳፍ ይያዛል፣ ኢንዛይሙ በሙሉ ቢሠራ አንድ ሜትር ገደማ ይሆናል። አጥንትን የሚያፈርሰው ሕዋስ፣ ማለትም ኦስቲዮክላስት፣ ትልቁ ዓይነት 100 ማይክሮ ሜትር ስፋት ስላለው፣ በዚሁ መለኪያ 20 ኪሎ ሜትር ይሰፋና ደሴንና ኮምቦልቻን ከነሐረጎ ቁልቁለቱ አንድ ላይ ይሸፍናል። ያን የሚያህል ሕዋስ በመዳፍ በምትያዝ ነገር ይሸነፋል።

መጀመሪያ ትክክለኛውን እንግዳ ሥሩ

ብዙ መምህር በቀጥታ ወደ መድኃኒቱ ይሮጣል፤ እኔ ግን አልመክርም። አስመሳዩን ለመለየት መጀመሪያ የሚመሰለውን ማወቅ ያስፈልጋል። ኢንዛይሙ በተፈጥሮ የሚቀበለው ዳይሜቲልአሊል ፓይሮፎስፌት የተባለውን ሞለኪውል ነው። 5 ጥቁር፣ 7 ቀይና 2 ብርቱካንማ ኳሶችን፣ እያንዳንዳቸው 1 ሴንቲ ሜትር ከግማሽ በማይሞላ ስፋት፣ አድበልብሉ። ሃይድሮጅኖቹን ተዉአቸው፤ ቁጥራቸው ብዙ ስለሆነ ዓይን ያደናግራሉ።

ርቀት የሚለካው ከኳስ መሃል እስከ ኳስ መሃል መሆኑን አስታውሱ። አንድ ስቴኪኒ ለሁለት ሲሰበር 3 ሴንቲ ሜትር ከጥቂት ስለሚሆን ለአብዛኛው ትስስር ልኩ ነው። ሁለቱን ፎስፈረሶች በመካከላቸው አንድ ቀይ ኳስ አድርጋችሁ አገናኙ፤ ይህ ፎስፈረስ፣ ኦክስጅን፣ ፎስፈረስ የሆነው ድልድይ የፓይሮፎስፌት ልብ ነው። በመጨረሻው ፎስፈረስ ላይ ሦስት፣ በሌላው ላይ ሁለት ቀይ ኳስ ሰክታችሁ የቀረውን አንድ ቀይ ኳስ ደግሞ አምስት ካርቦን ያለው ጅራት ማያያዣ አድርጉት። ጅራቱ ሦስት ካርቦን ተከታትሎ ከተጓዘ በኋላ ጫፉ ላይ እንደ ባላ ለሁለት ይከፈላል።

ኢንዛይሙ ይህን ሲቀበል የሚሠራውን በእጃችሁ አሳዩ። ፓይሮፎስፌቱን ከጅራቱ ላይ ይነቅለዋል፤ የተነቀለው ጅራት ለቅጽበት አዎንታዊ ሙል ይዞ ይቀራል፤ በአጠገቡ ተራውን የሚጠብቀው ሁለተኛ እንግዳ፣ አይሶፔንቴኒል ፓይሮፎስፌት፣ በዚያ አዎንታዊ ስፍራ ላይ ይጣበቃል። 5 ካርቦን ከ5 ጋር ሆኖ 10፣ እንደገና 5 ተጨምሮ 15 ካርቦን ያለው ፋርኔሲል ፓይሮፎስፌት ይወጣል። በዚህ ላይ ብዙ ጊዜ አታጥፉ፤ ተማሪው እንዲይዘው የሚያስፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው። ኢንዛይሙ በጎድጓዳው ውስጥ ያንን ቅጽበታዊ አዎንታዊ ሙል የሚያባብል ስፍራ አዘጋጅቶ ይጠብቃል።

አሁን አስመሳዩን ሥሩ

ዞሌድሮኔትን ለመሥራት እንደገና 5 ጥቁር፣ 7 ቀይና 2 ብርቱካንማ ኳስ አድበልብሉ፤ 2 ሰማያዊም ጨምሩ። እዚህ ላይ ቆም በሉና ተማሪዎቹ ራሳቸው እንዲቆጥሩ አድርጉ። ካርቦኑ፣ ኦክስጅኑና ፎስፈረሱ በቁጥር ከትክክለኛው እንግዳ ጋር አንድ ነው። ልዩነቱ ሁለት ናይትሮጅን ብቻ ነው። እኔ ይህን ባስተማርኩ ቁጥር እደነቃለሁ፤ የመድኃኒቱ ጥበብ ሁሉ በአዲስ አደራደርና በሁለት ሰማያዊ ኳሶች ውስጥ ተቀምጧል።

አንድ ጥቁር ኳስ መሃል አድርጉ። ሁለቱን ፎስፈረሶች በግራና በቀኙ ስኩ፤ የካርቦንና የፎስፈረስ ትስስር ትንሽ ረዘም ስለሚል ስቴኪኒውን በ3.7 ሴንቲ ሜትር ቁረጡት። በእያንዳንዱ ፎስፈረስ ላይ ሦስት ሦስት ቀይ ኳስ፣ በመሃለኛው ካርቦን ላይ ደግሞ ሰባተኛውን ቀይ ኳስ ስኩ። የመሃለኛው ካርቦን አራተኛ ክንድ አንድ ጥቁር ኳስ ይይዛል፤ ከዚያ ኳስ ቀጥሎ ኢሚዳዞል የተባለው ባለ አምስት ማዕዘን ቀለበት ይመጣል። ቀለበቱ ሰማያዊ፣ ጥቁር፣ ሰማያዊ፣ ጥቁር፣ ጥቁር እየተባለ ዙሮ ይገጥማል፤ ወደ መሃለኛው ካርቦን የሚወስደውን ኳስ የሚነካው አንደኛው ሰማያዊ ሲሆን ሁለተኛው ሰማያዊ ከቀለበቱ ወዲያኛው ወገን ነጻ ሆኖ ወደ ውጭ ይመለከታል። ያንን ነጻ ሰማያዊ ኳስ በስህተት ወደ ፎስፈረሶቹ እንዳታዞሩት፤ ቆይቶ ወሳኝ ይሆናል።

ሁለቱን ሥራዎች ጎን ለጎን አስቀምጡና በማስመሪያ ከፎስፈረስ እስከ ፎስፈረስ ለኩ። በሁለቱም 6 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ የአንድ ሙሉ ስቴኪኒ ርዝመት፣ ታገኛላችሁ። ኢንዛይሙ የሚታለለው በዚህ ነው። በትክክለኛው እንግዳ ላይ ያለው የኦክስጅን ድልድይ በውኃና በኢንዛይሞች ይቆረጣል፤ በመድኃኒቱ ላይ ያለው የካርቦን ድልድይ ግን አይቆረጥም። ሰውነታችን ይህን መድኃኒት ማፍረስ የማይችለው፣ ወደ አጥንት ያልገባውም ሳይለወጥ በሽንት የሚወጣው በዚህ ምክንያት ነው።

ጎድጓዳውን አዘጋጁ

የጫማ ካርቶኑን አንድ አጭር ጎን ቆርጣችሁ አውጡ፤ ይህ የጎድጓዳው አፍ ይሆናል። እውነተኛው ኢንዛይም ከላይ እስከ ታች በጥምዝምዝ ዘንጎች የተገነባ ስለሆነ ግድግዳዎቹን በተጠቀለለ ጋዜጣ ብትደረድሩ መልኩን ይመስላል፤ የጋዜጣው ውፍረት ግን ከመለኪያችን ጋር እንደማይሄድ ተናገሩ።

በግራ ግድግዳ ላይ አስፓርቴት 103 እና አስፓርቴት 107 የሚል ወረቀት ለጥፋችሁ በየአንዳንዱ ላይ ጫፉ ቀይ የሆነ ክንድ ትከሉ። በቀኝ ግድግዳ ትይዩ አስፓርቴት 243ን አድርጉ። ቁጥሮቹ አሚኖ አሲዱ በፕሮቲኑ ሰንሰለት ላይ ስንተኛ እንደሆነ የሚናገሩ ናቸው፤ ተማሪው እንዲሸመድዳቸው አታስገድዱት፣ ስፍራቸውን እንዲያውቅ ብቻ አድርጉት። ከአፉ አካባቢ አርጂኒን 112ን እና ላይሲን 257ን፣ ጠለቅ ብሎ ላይሲን 200ን እና ትሪዮኒን 201ን ጎን ለጎን ትከሉ። ከታች ወለሉ ላይ ፌኒልአላኒን 98 እና 99 ይቀመጣሉ፤ እነዚህ የሚያድገው ጅራት ከ15 ካርቦን እንዳያልፍ እንደ ደፍ የሚያግዱት ናቸው።

የግራና የቀኝ አስፓርቴቶች ሁሉም አሉታዊ ሙል እንደያዙ፣ የመድኃኒቱ ፎስፎኔቶችም (ሁለቱ ፎስፈረሶች ከነቀይ ኳሶቻቸው) አሉታዊ እንደሆኑ ለተማሪዎቹ ንገሯቸውና «ታዲያ እንዴት ይቀራረባሉ?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱን ቶሎ አትስጡ።

ቆለፋው

መልሱ ሦስቱ አረንጓዴ ኳሶች ናቸው። ማግኒዥየም ሁለት አዎንታዊ ሙል ስላለው በሁለት አሉታዊ ወገኖች መካከል አስታራቂ ሽማግሌ ሆኖ ይቆማል። ሁለቱን አረንጓዴ ኳሶች በግራ በኩል በአስፓርቴት 103 እና 107 ፊት፣ ሦስተኛውን በቀኝ በአስፓርቴት 243 ፊት አድርጉ። ከእያንዳንዱ ማግኒዥየም እስከ ጎረቤቱ ቀይ ኳስ 4.2 ሴንቲ ሜትር ይሁን። ከዚያ መድኃኒቱን በቀለበቱ በኩል ወደ ውስጥ አስገቡት፤ የፎስፎኔቶቹ ቀይ ኳሶች ወዲህም ወዲያም አረንጓዴዎቹን ይጨብጣሉ፣ አርጂኒን 112፣ ላይሲን 200 እና ላይሲን 257 ደግሞ በአዎንታዊ ክንዳቸው የፎስፎኔቶቹን ውጫዊ ኦክስጅን ይደግፋሉ።

እዚህ ላይ የሚደጋገም ስህተት አለ፤ ተማሪዎች መድኃኒቱን ከኢንዛይሙ ጋር በማይላቀቅ ትስስር ያጣብቁታል። እንዲህ አይደለም። መድኃኒቱ የተያዘው በብዙ ትናንሽ መያዣዎች እንጂ በአንድ ብየዳ አይደለም።

ቀጥሎ ነጻው ሰማያዊ ኳስ ወዴት እንዳመለከተ እዩ። በትክክል ከሠራችሁት ከትሪዮኒን 201 የጎን ኦክስጅንና ከላይሲን 200 የአከርካሪ (የፕሮቲኑ ዋና ሰንሰለት) ኦክስጅን ፊት ለፊት ይቆማል። በእነዚህ መካከል ክር እሰሩ፤ ርቀቱ 6 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሁን። ስቴኪኒን ትተን ክር የምንጠቀመው የሃይድሮጅን ትስስር ከሌላው የላላ መሆኑን ለማሳየት ነው። ናይትሮጅኑ እዚያ ሲደርስ ፕሮቶን ተቀብሎ አዎንታዊ ይሆናል። አሁን ከላይ ያልኳችሁን አስታውሱ፤ ኢንዛይሙ የተነቀለውን ጅራት አዎንታዊ ሙል ለማባበል ያዘጋጀው ስፍራ ይኸው ነበር። መድኃኒቱ እግሩን በፓይሮፎስፌቱ ወንበር ላይ፣ ራሱን ደግሞ በቅጽበታዊው ሙል ትራስ ላይ አሳርፏል። ትክክለኛው እንግዳ ለቅጽበት የሚያልፍበትን መልክ መድኃኒቱ ሳይለወጥ ይዞት ይቀመጣል።

ጊዜ ካላችሁ የዞሌድሮኔትን ቀለበት አውጥታችሁ በምትኩ የፓሚድሮኔትንና የአለንድሮኔትን ጅራት ሰክታችሁ ሞክሩ። ከመሃለኛው ካርቦን ቀጥሎ ፓሚድሮኔት ሁለት ካርቦንና አንድ ናይትሮጅን፣ አለንድሮኔት ሦስት ካርቦንና አንድ ናይትሮጅን አላቸው። ክሩን ስትዘረጉ አጭሩ ጅራት ወደ ትሪዮኒኑ በደንብ እንደማይደርስ በዓይናችሁ ታያላችሁ። በ2001 በታተመ የላቦራቶሪ ጥናት የኢንዛይሙን ሥራ በግማሽ ለመቀነስ ያስፈለገው መጠን ለፓሚድሮኔት 200 ናኖሞላር፣ ለአለንድሮኔት 50፣ ለሪሰድሮኔት 10፣ ለዞሌድሮኔት ደግሞ 3 ናኖሞላር ነበር። ከ200 እስከ 3 ያለው ርቀት በአብዛኛው የዚያ ሰማያዊ ኳስ አቀማመጥ ውጤት ነው።

ቆለፋው ግን ገና አላለቀም፤ ብዙ ማስተማሪያዎች የሚዘሉት ክፍል ደግሞ ይህ ነው። ሁለተኛውን እንግዳ፣ አይሶፔንቴኒል ፓይሮፎስፌትን፣ ሥሩና ከመድኃኒቱ አጠገብ ባለው በራሱ ስፍራ አስቀምጡት፤ መድኃኒቱ የያዘው የመጀመሪያውን እንግዳ ስፍራ ብቻ ስለሆነ ይህ ባዶ ነው። ሁለተኛው እንግዳ የሥራ ባልደረባው የመጣ መስሎት ይገባል። ያኔ ኢንዛይሙ ሥራ ሊጀምር እንደሆነ ሁሉ ቅርጹን ያጠባል፤ የሰንሰለቱ የመጨረሻ ጫፍም፣ እስከ አሚኖ አሲድ 353 ያለው ጅራት፣ መጥቶ አፉን ይዘጋል። በካርቶኑ ላይ ቀድማችሁ ያወጣችሁትን አጭር ጎን መልሳችሁ በመግጠም ይህን አሳዩ። በውስጥ ሥራ የለም፤ በሩ ግን ተዘግቷል። መድኃኒቱና ኢንዛይሙ አብረው በቆዩ ቁጥር እገዳው እየጠበቀ የሚሄደው ለዚህ ነው፤ ኢንዛይሙ በራሱ በር ተቆልፎበታል።

ከበሩ ውጭ የሚሆነው

ይህን በፍጥነት እለፉት። 15 ካርቦን ያለው ፋርኔሲልና ከእርሱ የሚሠራው ባለ 20 ካርቦኑ ጄራኒልጄራኒል ሲጠፉ፣ ሬብ፣ ሮ እና ራክ የሚባሉት ትናንሽ ፕሮቲኖች በሕዋሱ ሽፋን ላይ የሚሰካ የቅባት ጅራት ያጣሉ። ኦስቲዮክላስቱም አጥንቱን የሚያሟሟበትን የተሸበሸበ ጠርዝ ማደራጀት ያቅተዋል፣ በኋላም ይሞታል። ሥራ ያጣው አይሶፔንቴኒል ፓይሮፎስፌት ደግሞ በሕዋሳት ውስጥ ይጠራቀማል፤ ጋማ ዴልታ የተባሉት ነጭ የደም ሕዋሳት ይህን አይተው ስለሚነቁ ዞሌድሮኔት በደም ሥር የተሰጠው ሰው በመጀመሪያው መርፌ ማግስት ትኩሳትና ቁርጥማት ሊሰማው ይችላል። ነርሶች ይህን ለታካሚው አስቀድመው ቢነግሩት ድንጋጤው ይቀራል።

ወደ አምቦው ጥያቄ ስንመለስ

የመጨረሻው ሥራ ከሁሉም ቀላሉ ነው። መድኃኒቱን ከካርቶኑ አውጡና ከአንድ ቁራጭ ጠመኔ ፊት ያዙት፤ ጠመኔው የአጥንቱ ካልሲየም ይሁን። ሁለቱ ፎስፎኔቶችና የመሃለኛው ካርቦን ቀይ ኳስ በአንድነት ካልሲየሙን እንዴት እንደሚጨብጡ አሳዩ። መድኃኒቱ አጥንት ላይ ተቀምጦ ይቆያል፤ ኦስቲዮክላስቱ አጥንቱን በአሲድ ሲያሟሟ መድኃኒቱ ይለቀቅና ከተሟሟው ጋር ወደ ሕዋሱ ይገባል። አጥንት የሚያፈርሰው ሕዋስ ከሌሎች ይበልጥ የሚመታው ራሱ ስለሚውጠው ነው።

አሁን ጠመኔውን ከማስጠጋታችሁ በፊት ነጭና አረንጓዴ ኳሶችን በፎስፎኔቶቹ ላይ ለጥፉ። እነዚህ በአምቦ ውኃ ውስጥ ያሉት ካልሲየምና ማግኒዥየም፣ ወይም የወተቱ ካልሲየም ናቸው። የመድኃኒቱ እጆች ሞልተዋል፤ እንዲህ ሆኖ የአንጀትን ግድግዳ ማለፍ አይችልም፣ ከምግቡ ጋር ወጥቶ ይሄዳል። በትክክል በተዋጠ ጊዜ እንኳ ወደ ደም የሚገባው ከመቶ አንድ እጅ ስለማይሞላ ለማባከን የሚተርፍ ነገር የለም። በቡና ቢዋጥ ደግሞ ያችው ትንሽ ድርሻ በ60 በመቶ ገደማ ትቀንሳለች።

ስለዚህ ተማሪዋ ለእኚያ እናት እንዲህ ትበል፦ «እማማ፣ ጠዋት እንደተነሡ በባዶ ሆድዎ፣ በአንድ ሙሉ ብርጭቆ ተራ ውኃ ይዋጡት። ከዚያ ሳይተኙ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ቀጥ ብለው ይቀመጡ ወይም ይንቀሳቀሱ፤ ከተኙ ጉሮሮዎን ያቃጥላል። አቦሉም ቁርሱም ከግማሽ ሰዓቱ በኋላ ይሁን። አምቦ ውስጥ ያለው ማዕድን ግን መድኃኒቱ ገና አጥንትዎ ጋ ሳይደርስ እጁን ይይዝበታል።» ለሚጾሙ ሙስሊም እናቶች በረመዳን ሌሊት ለሱሁር ከመነሣት ግማሽ ሰዓት ቀድሞ ነቅቶ በውኃ መዋጥ፣ ከዚያ በኋላ መብላት ይቻላል፤ ቀኑንም ከሳምንቱ ውስጥ አንድ ቋሚ ቀን፣ ለምሳሌ ሰኞን፣ መርጠው እንዲይዙት በካርዳቸው ላይ ጻፉላቸው።